ከኩምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን በብስክሌት፦ የፖቶማክን ሸለቆ በ4 ቀን (ጥያቄ)

አዲስ_ነጂ
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። በኦክቶበር አጋማሽ አራት ሆነን የፖቶማክን ወንዝ ተከትለን፣ በኩምበርላንድ (ሜሪላንድ) እና በጆርጅታውን (ዋሽንግተን ዲሲ) መካከል ባለው በሲ ኤንድ ኦ (ቼሳፒክ ኤንድ ኦሃዮ) ቦይ መንገድ ልንሄድ አስበናል። ያለን ጊዜ 4 ቀን ነው፤ ድንኳን ይዘን ነው የምንሄደው። ሁለታችን ያለን 28 ሚሊሜትር ጎማ የገጠመ የአስፋልት ሳይክል ነው፣ ሁለቱ ደግሞ የተራራ ሳይክል አላቸው። ከየት ወደ የት መሄድ ይሻላል? በቀን ስንት ማይል እንመድብ? ውሃና ምግብስ? መንገዱ ሜዳ ነው ይባላል፤ ታዲያ ሰው የሚቸገረው በምኑ ነው?

የፖቶማክ_ዳር
እንኳን ደህና መጣህ ወንድሜ። ከመጨረሻው ጥያቄህ ልጀምር። ሰው እዚህ መንገድ ላይ የሚቸገረው በጭቃና በውሃ ነው፤ ዳገት የለም። ጠቅላላው 184.5 ማይል (297 ኪሎ ሜትር) ሲሆን በዚህ ሁሉ ርቀት ያለው የከፍታ ልዩነት 605 ጫማ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን በ74ቱ ሎኮች ማለትም ጀልባ ያወጡና ያወርዱ በነበሩት የድንጋይ በሮች ላይ የተከማቸ ነው። በየሎኩ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ዝቅ ትሉና እንደገና ሜዳ ይሆናል። መንገዱ በመሠረቱ ጀልባ የሚጎትቱ በቅሎዎች ይሄዱበት የነበረ ነው። ቦዩ በ1828 ተጀምሮ በ1850 ኩምበርላንድ ደረሰ፤ ከ1924 ጎርፍ በኋላ ሥራ አቆመ፤ ከ1971 ጀምሮ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ነው። በየማይሉ የቆመ ምልክት አለ፤ ዜሮው ጆርጅታውን፣ 184.5ቱ ኩምበርላንድ ነው። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ቁጥሮች በሙሉ የማይል ምልክት ናቸው።

ከኩምበርላንድ ወደ ጆርጅታውን ውረዱ። ምክንያቴ ቁልቁለቱ አይደለም፣ ቁልቁለቱ አይሰማም። ምክንያቴ ባቡሩ ነው። ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ማታ ኩምበርላንድ የሚያደርስ ባቡር አለ (እስከ 2024 ካፒቶል ሊሚትድ ይባል ነበር፣ አሁን ፍሎሪዲያን ነው)። የሳይክል ቦታ ውስን ስለሆነ የሳይክሉን ቦታ ከትኬቱ ጋር አብራችሁ ያዙ፤ አራት ቦታ ባንድ ቀን ለማግኘት ቀደም ማለት ያስፈልጋል። የረጅም ርቀት ባቡር ሊዘገይ ይችላል። በጉዞው መጀመሪያ ቢዘገይ የምታጡት እንቅልፍ ነው። በመጨረሻው ቢዘገይ ግን ደክማችሁ፣ ጭቃ ለብሳችሁ ጣቢያ ላይ ነው የምትቀመጡት። ከላይ ወደ ታች ስትመጡ መጨረሻው ቤታችሁ ነው፣ የሚጠብቃችሁ ሰዓት የለም።

ኩምበርላንድ አድራችሁ በማግስቱ ጠዋት፦
1ኛ ቀን፦ ከ184.5 እስከ ኢንዲጎ ኔክ (139.2)፣ 45 ማይል።
2ኛ ቀን፦ እስከ ኦፔከን ጃንክሽን (90.9)፣ 48 ማይል። ከዚህ ውስጥ ብዙው በአስፋልት ሊሄድ ይችላል።
3ኛ ቀን፦ እስከ ኢንዲያን ፍላትስ (50.3)፣ 41 ማይል። አጭር ያደረግኩት ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ሰዓት ስለሚሄድ ነው።
4ኛ ቀን፦ እስከ ጆርጅታውን፣ 50 ማይል።

ሦስቱም ማደሪያዎች ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተሰሩ ነጻ ቦታዎች ናቸው። ቀድሞ የደረሰ ይሰፍራል፣ ቀጠሮ የለም፤ በአንድ ቦታ የሚታደረው አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤትና የእጅ የውሃ ፓምፕ አላቸው። የቆሻሻ ገንዳ የላቸውም፤ ያመጣችሁትን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ፍጥነታችሁን በአስፋልት ልክ አታስሉ። በጭነት፣ በደረቅ አፈር ላይ በሰዓት 9 ወይም 10 ማይል ነው፤ እርጥብ ሲሆን ወደ 7 ይወርዳል። በኦክቶበር አጋማሽ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ 50 ማይል ላለው ቀን ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት መነሳት ግድ ነው።

ራጂ32
በአቅጣጫው ላይ አልስማማም። ለጀማሪ ከጆርጅታውን መነሳት ይሻላል። የሳይክል ጉድለት የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ 30 እና 40 ማይሎች ነው፦ ያልጠበቀ ቡሎን፣ የሚያሻክር ቦርሳ፣ የማይመች ኮርቻ። በጆርጅታውን በኩል ይህ ሲወጣ መኪና ያለው ወዳጅ ይደርሳል። በኩምበርላንድ በኩል ግን የመጀመሪያው ቀን ከመንገዱ ሁሉ ሰው የሌለበት ነው። ከኦልድታውን (166.7) እስከ ሃንኮክ (124) ባለው ብዙ ቦታ ስልክም አይሠራም።

የፖቶማክ_ዳር
ራጂ32 ያልከው እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን አቅጣጫ መቀየር አይመስለኝም። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ ከጆርጅታውን እስከ ስዌይንስ ሎክ (16.6) ሄዳችሁ ተመለሱ፣ 33 ማይል ይሆናል። ድንኳኑም፣ ምግቡም፣ ውሃውም ሳይቀር ተጭኖ ነው። የሚላላው ሁሉ ያኔ ይላላል። ካርታውንም ስልክ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርጋችሁ አውርዱት።

ጎሚስታው
ስለ 28 ሚሊሜትሩ ጎማ ማንም ያነሳ ስለሌለ እኔ ልናገር። አይሆንም። ይህ መንገድ ከሥሩ ሸክላ አፈር ነው። በብዙ ክፍሎች አዲስ የተፈጨ ድንጋይ ለብሷል፣ እዚያ ላይ ቀጭን ጎማም ይሄዳል። በቀረው ግን ቀጭኑ ጎማ ይሰምጣል፤ በዛፍ ሥር ላይ ሲያልፍ ደግሞ ካላማዳሪያውን (ከጎማው ውስጥ ያለውን የአየር ቱቦ) በቸርኬው ጠርዝ ላይ ይቀረጥፈዋል። አጠገብ ለአጠገብ ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አይደለም፣ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም የንፋስ ማነስ ወይም የጎማ መቅጠን ነው።

የምመክረው ከ38 እስከ 45 ሚሊሜትር፣ ጎኑ ጥርስ ያለው መሐሉ ለስላሳ የሆነ ጎማ ነው። መጀመሪያ ግን የአስፋልቱ ሳይክል ይቀበል እንደሆነ ለኩ። ጎማው ከገጠመ በኋላ በግራም በቀኝም ከሹካውና ከፍሬሙ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት መኖር አለበት። ያ ከሌለ ጭቃው ገብቶ ጎማውን ይቆልፈዋል። የማይቀበል ከሆነ ሁለት ሳይክል ተከራዩ እንጂ በ28ቱ አትውጡ።

ንፋስ፦ ለ40 ሚሊሜትር ጎማ፣ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከነጭነቱ፣ ከኋላ 45 ከፊት 40 ፒ ኤስ አይ መነሻ ይሁናችሁ። አጥብቆ መንፋት ፍጥነት ይጨምራል የሚለው እዚህ አይሠራም፤ ሳይክሉ ይዘላል፣ እጅ ይደነዝዛል፣ ራጂም (የቸርኬው ሽቦ) ይላላል።

ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ካለ ከጎማው በላይ ቢያንስ አንድ ጣት ተኩል ክፍት ይሁን። ጠባብ ከሆነ በዝናብ ቀን ጭቃና ቅጠል ውስጡ ተጠቅጥቆ ጎማውን ይይዛል። የሚወልቅ የፕላስቲክ ዓይነት ከሁሉ ይሻላል።

ጭነቱን ከኋላ ፖርቶመጋላ (የዕቃ መጫኛ) ላይ በሁለት የጎን ቦርሳ እኩል አድርጉ፤ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይግባ። ፖርቶመጋላውን የሚይዙት ቡሎኖች በንዝረት ይላላሉ። ከመነሳታችሁ በፊት የቡሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉባቸው፣ በየጠዋቱም በአሌን ቁልፍ ንኳቸው። በጉዞ መሐል ከሚጠፉ ነገሮች አንደኛው ያ ትንሽ ቡሎን ስለሆነ ሁለት መለዋወጫ ያዙ።

መያዝ ያለበት፦ ለያንዳንዱ ሰው በጎማው ልክ ሁለት ካላማዳሪያ፣ የራሱ የማርሽ መስቀያ ብረት (በየሳይክሉ ስለሚለያይ መዋዋስ አይቻልም) እና አንድ ጥንድ የፍሬን ጫማ። የፍሬን ጫማውን የምለው አሸዋ የቀላቀለ ጭቃ ቶሎ ስለሚበላው ነው። ለአራታችሁ በጋራ ደግሞ ሁለት ፖምፓ፣ የካቴና (የሰንሰለት) መፍቻና ለየሳይክላችሁ የማርሽ ቁጥር የሚሆን ማገናኛ፣ የራጂ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ ማስቲሽና ልጣፍ፣ አሮጌ ጨርቅ፣ ትንሽ የካቴና ዘይት።

ልጣፍ ሲለጠፍ ስህተቱ ችኮላ ነው። ቀዳዳውን አግኝታችሁ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፤ የካላማዳሪያው መጋጠሚያ መስመር ካለበት እስኪስተካከል ፈትጉት። ማስቲሹን ከልጣፉ ሰፋ አድርጋችሁ በስሱ ቀቡና ማብረቅረቁን እስኪተው 5 ደቂቃ ጠብቁ። እርጥብ ሳለ የተለጠፈ ይንሸራተታል። ከዚያ መሐሉን ጀምራችሁ ወደ ጠርዝ ተጫኑ። ካላማዳሪያውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ ዙሪያውን በጨርቅ ዳስሱ። በጣት አይሁን፤ እሾሁ እዚያው ካለ ጣትን ይወጋል፣ ጨርቁን ግን ይይዘዋል።

ስንቅ_አዋቂ
ውሃና ምግቡን እኔ ልመልስ።

ከኩምበርላንድ እስከ ሃንኮክ 60 ማይል ሙሉ ግሮሰሪ የለም። ፖ ፖ ላይ ድልድዩን ተሻግሮ ትንሽ ከተማ አለ፤ ሊትል ኦርሊንስ (140.9) ላይም የምትበሉበት ቤት አለ። ሰዓታቸውን ግን አትተማመኑ። የመጀመሪያውን ቀንና የሁለተኛውን ቀን ቁርስ ከኩምበርላንድ ይዛችሁ ውጡ። ከዚያ በኋላ ሃንኮክ (124)፣ ዊልያምስፖርት (99.8)፣ ድልድይ ተሻግሮ ሼፐርድስታውን (72.7)፣ ብራንስዊክ (55) አሉ።

ውሃው በፓምፕ ነው። በመጀመሪያው ቀን መስመር ላይ ፓምፖቹ ተቀራርበው ነው ያሉት፦ ኤቪትስ ክሪክ 180.1፣ አይረንስ ማውንቴን 175.3፣ ፒግማንስ ፌሪ 169.1፣ ፖቶማክ ፎርክስ 164.8፣ ታውን ክሪክ 162.1፣ ፐርስሌን ረን 157.4፣ ሶረል ሪጅ 154.1። ይሁን እንጂ የአንዱ ውሃ በምርመራ ካልተስማማ ፓርኩ እጀታውን ይነቅለዋል። እጀታ የሌለው ፓምፕ ተዘግቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ፓምፕ ተከታትለው ቢዘጉም የሚያደርስ ውሃ፣ ማለትም ለሰው 3 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ይኑራችሁ፤ ሁልጊዜም ግማሽ ከመድረሱ በፊት ሙሉት። ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ሁሉም እጀታዎች ይነቀላሉ፤ ኦክቶበር አጋማሽ ግን ገና ነው። የፓምፑ ውሃ በአዮዲን የታከመ ስለሆነ ጣዕሙ ይከብዳል። ለአዮዲን አለርጂ ወይም የታይሮይድ ችግር ያለበት ሰው ካላችሁ ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። የወንዙን ውሃ በማጣሪያ አጣርቶ መጠጣት አልመክርም፤ ሸለቆው እርሻ ነው፣ ማጣሪያው ጀርሙን እንጂ የእርሻ ኬሚካሉን አያስቀርም።

ለምግብ ውድ የካምፕ ፓኬት አትግዙ። ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም ካሉት የሀበሻ ሱቆች የሚገኘው ስንቅ ይበልጣል። ጠዋት በሶ፦ ለአንድ ሰው 100 ግራም ከጨውና ከትንሽ ስኳር ወይም ማር ጋር፣ በ300 ሚሊ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ተመትቶ። እሳት አያስፈልገውም፣ ጾም ላይ ላለም ይሆናል። በመንገድ ላይ ቆሎና ዳቦ ቆሎ፤ ለአንድ ሰው በቀን 150 ግራም ገደማ፣ ከእጅ በማይርቅ ከረጢት።

ማታ የድርቆሽ ፍርፍር። ለአራት ሰው 500 ግራም ድርቆሽ ይበቃል። እቤት እያላችሁ አራት ሽንኩርት በደቃቁ ከትፋችሁ ውሃው እስኪመጥ አብስሉት፤ 4 የሾርባ ማንኪያ በርበሬና ከግማሽ ኩባያ በላይ ዘይት ጨምራችሁ በደንብ አቁላሉትና አቀዝቅዛችሁ በሚጠብቅ ዕቃ ያዙት። ሁለተኛውን ማታ እንዳያልፍ፤ ለሦስተኛው ማታ ሽሮ ዱቄት ይሁን። ካምፕ ላይ ቁሌቱን ከ1 ሊትር ውሃ ጋር አፍሉት፣ እሳቱን አጥፉ፣ ድርቆሹን ጨምሩና ክዳን ጭናችሁ 3 ደቂቃ ተዉት። ከፈላ በኋላ እሳት ላይ ማቆየት ድርቆሹን ገንፎ ያደርገዋል፣ ጋዝም ይፈጃል።

ጋዝን በተመለከተ አንድ ነገር አትርሱ። ባቡር ላይ የካምፕ ጋዝ ይዞ መግባት አይፈቀድም። ባዶ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱና ጋዙን ኩምበርላንድ ግዙ። ማታ ስለምትደርሱ የሚሸጥበትን ሱቅና የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ አጣሩ። 230 ግራም የሚይዝ ሁለት ቆርቆሮ ለአራት ሰው ለሦስት ማታ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር። ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬ ዚፕ ይከፍታል፤ በምዕራቡ ክፍል ጥቁር ድብም አለ። በገመድ ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉት።

አዲስ_ነጂ
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህን ያህል አልጠበቅኩም። ጎማውን እንቀይራለን። ሦስት ነገር ቀረኝ፦ ዋሻው እንዴት ነው? ዝናብ ቢመጣስ? በሁለተኛው ቀን አስፋልት አለ ያላችሁት የቱ ነው?

የፖቶማክ_ዳር
ዋሻው ፖ ፖ (155) ላይ ነው፤ 3,118 ጫማ ይረዝማል፣ ወደ 950 ሜትር። ውስጡ መብራት የለውም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ግድግዳ በሌላው የእንጨት አጥርና ከሥሩ ቦዩ። መሬቱ ጎድጓዳ ስለሆነ ውረዱና ሳይክሉን በእጅ ግፉት፤ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። የስልክ መብራት አይበቃም፣ የራስ ላይ መብራት ወደ መሬት አጋድማችሁ ያዙ። የጎን ቦርሳው አጥሩን እየነካ ስለሚያንገዳግድ በግድግዳው በኩል እናንተ፣ በአጥሩ በኩል ሳይክሉ መሆኑ ያስቸግራል፤ አቀማመጡን ከመግባታችሁ በፊት ሞክሩት። ከፊት ሰው ሲመጣ መብራቱን ከዓይኑ ዝቅ አድርጉ። ዋሻው በጥገና የተዘጋበት ጊዜ ስለነበረ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ። ሲዘጋ ያለው መዞሪያ በኮረብታው ላይ የሚወጣ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ ጭነት ይዞ ይከብዳል።

አስፋልቱ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬል ይባላል፤ የድሮ የባቡር መስመር ነው። ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ቢግ ፑል ከበቅሎ መንገዱ ጎን ለጎን 28 ማይል ያህል ይሄዳል። ኢንዲጎ ዋሻ ለሌሊት ወፎች ሲባል ዝግ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ለአጭር ርቀት ወደ በቅሎ መንገዱ ትመለሳላችሁ። ደረቅ ቀን ከሆነ እስከ ሃንኮክ በበቅሎ መንገዱ ሂዱ፣ ቦዩና ሎኮቹ ያሉት እዚያ ነው። ከዘነበ ያለ ክርክር በአስፋልቱ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያተርፋል። አስፋልቱን ስትይዙ ግን የማደሪያዎቹ ፓምፖች ከታች ይቀራሉ፣ ስለዚህ ሃንኮክ ላይ ውሃ ሙሉ።

ዝናብ፦ ድንጋይ ያልለበሰው ክፍል ከዘነበ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ጭቃ ሆኖ ይቆያል፤ የዛፍ ጥላ ስለሚበዛ ቶሎ አይደርቅም። ኩሬውን ዳር ዳሩን አትሽሹት፣ ዳሩ ይበልጥ ያንሸራትታል። ቀስ ብላችሁ፣ ቀላል ማርሽ ይዛችሁ፣ ፍሬን ሳትነኩ በመሐል እለፉ። ማታ ካቴናውን በጨርቅ ጠርጉና ጠዋት ዘይት ጠብ አድርጉ፤ በጭቃ ላይ ዘይት መጨመር አሸዋውን ይለውሰዋል እንጂ አይጠቅምም። ወንዙ ሲሞላ ቢግ ስላክዎተር (ከ88 እስከ 84.4) ይዘጋል። መንገዱ እዚያ በገደልና በወንዙ መሐል የተሰራ ሲሚንቶ ነው፣ በደረቅ ቀን ከጉዞው ሁሉ ውቡ ክፍል ይመስለኛል።

ሃርፐርስ ፌሪ (60.7) ከተማው ከወንዙ ማዶ ነው። የሚሻገሩት በባቡር ድልድዩ ጎን ባለው የእግረኛ መንገድ ሲሆን ወደሱ የሚያስወጣው ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ነው። የተጫነ ሳይክል ይዞ መውጣት አድካሚ ስለሆነ ሁለታችሁ ከታች ዕቃ ጠብቁ፣ ሁለታችሁ ሂዱ፣ ከዚያ ተቀያየሩ። ጆን ብራውን በ1859 የያዘው የጦር መሣሪያ መጋዘን ከተማ ነው፤ ሳያዩት ማለፍ ያሳዝናል።

ሞኖከሲ (42.2) ላይ በሰባት ቅስት የቆመ የቦይ ድልድይ ታገኛላችሁ። በቦይ ድልድዮች ላይ ሳይክል አይነዳም፣ ይገፋል። ኋይትስ ፌሪ (35.5) ላይ ያለው መሻገሪያ ጀልባ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ቆሟል፤ በድሮ ካርታ ታምናችሁ ወደ ቨርጂኒያ እሻገራለሁ እንዳትሉ።

ጤና_ይስጥልኝ
አንዳንድ ነገር ልጨምር። በኦክቶበር ጎልማሳው ባለጥቁር እግር መዥገር ንቁ ነው፤ ላይም የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው እሱ ነው። በየማታው ከጉልበት በስተኋላ፣ ብሽሽት፣ ብብት፣ የፀጉር ዳርና የካልሲ መስመር ተያዩ። ከተገኘ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው። ቅባትም ክብሪትም አታድርጉበት። በ24 ሰዓት ውስጥ ከወጣ አደጋው በጣም ይቀንሳል።

ለመጸዳዳትም ሆነ ለማረፍ ከመንገድ ስትወጡ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ተክል አትንኩ፤ በበልግ ቀይ ሆኖ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ፖይዝን አይቪ የሚሉት ነው። የነካው ቆዳ ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፣ የነካው ልብስም ለብቻው ይቀመጥ።

ቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከደነዘዙ መዳፍ ላይ ያለው ነርቭ ተጭኖ ነው። ኮርቻው ወደ ፊት አዘንብሎ ክብደቱን ወደ እጅ እየገፋ እንደሆነ እዩና አስተካክሉ፤ በየሩብ ሰዓቱም እጃችሁን ከመሪው አንሱ። ሌሊት በምዕራቡ ክፍል ውርጭ ሊወርድ ስለሚችል እስከ 0 ዲግሪ የሚያሞቅ የመኝታ ከረጢት ያስፈልጋል።

ራጂ32
ኢንዲያን ፍላትስ ላይ የዕቃ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ በቅርብ ያልፋል፤ የጆሮ መድፈኛ ለአራቱም ይያዝ። የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ወይም እሁድ እንዳይውል አድርጉ፤ ግሬት ፎልስ (14.3) አካባቢ ሕፃናትና እግረኞች ይበዛሉ። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 15 ማይል ነው፣ ደወል መኖሩም ግዴታ ነው። ፍሌቸርስ ኮቭ (3.1) ስትደርሱ ጎን ለጎን ወዳለው አስፋልት፣ ወደ ካፒታል ክሬሰንት ትሬል ተሻገሩ፤ ጆርጅታውን ድረስ ያስገባችኋል።

የዜሮ ማይል ድንጋይ ላይ ፎቶ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሮክ ክሪክ ፖቶማክ ከሚገባበት ላይ፣ ከታንኳ ቤቱ ጀርባ ነው ያለው። ከዋናው መንገድ አይታይም፤ ታንኳ ቤቱን በወንዙ በኩል ዙሩት።